ፒያሳን ላስጎበኝ ብዬ

ከአሜሪካ የመጣችውን የአክስቴን ልጅ ይዤ ፒያሳ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ "የአራዶች ሰፈር እኮ ነው! ሠዓሊው፣ አዝማሪው፣ ወርቅ ሠሪው..." እያልኩ ስደሰኩር ነበር። ደርሰን ምን ላሳያት? ዶሮ ማነቂያ የሚባለው የፒያሳ ሰፈር በ2016 ፈርሷል። ጥሬ ሥጋ ቤቱ የለ፣ ጠባቧ ቅያስ የለች። ሰፊ አስፋልትና መብራት ብቻ! ማታ ጃዝ እንዳላሰማት፣ ጣይቱ ሆቴል ግቢ የነበረው ጃዝ አምባ በ2007ቱ ቃጠሎ ወድሟል።

እንደ ምንም አንድ ያረጀ የእንጨት በረንዳ አገኘን። ቀለሙ የተላጠ፣ ወገቡ የጎበጠ፣ ግን ሲያምር! ስልኳን አውጥታ ልታነሳው ስትል ጥበቃው ከየት መጣ ሳይባል "ፎቶ ክልክል ነው!" ብሎ ጮኸባት። ኧረ ጋሼ፣ ምኑ ነው የሚከለከለው? ነገ መኖሩን በምን እናውቃለን?

ማኪያቶውም ቀዝቃዛ ነበር።