«12 ቮልት ስለሆነ ሪሌ አያስፈልግም»? እርማት አለኝ

ወንድሜ፣ «የመኪናውን ራዲያተር ፋን በእጅ ለማብራት አንድ ስዊች ይበቃል፤ 12 ቮልት ስለሆነ ሪሌ ትርፍ ወጪ ነው» ብለሃል (ሪሌ ማለት በትንሽ አምፒር ታዝዞ ትልቁን አምፒር የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው)። ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ግን ስህተት ነው።

12 ቮልት ሰው አይዝም፤ እሱስ ልክ ነህ። ሽቦ የሚያግለው ግን አምፒሩ ነው። 180 ዋት የሚስብ ፋን በ12 ቮልት 15 አምፒር ይወስዳል። ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም በላይ። 15 አምፒር እኮ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚስበው ያህል ነው! እስቲ የምጣዱን ገመድ ውፍረት እይና ዳሽቦርድ ሥር የጎተትካትን ቀጭን ሽቦ አስባት። እኔም አንዴ እንዳንተው ሞክሬያለሁ። ስዊቿ ውስጧ ቀልጦ ተጣበቀች፤ ፋኑ አልጠፋም ብሎ ባትሪውን ጨረሰው።

ሪሌ ስታስገባ በስዊቹ የሚያልፈው ከሩብ አምፒር በታች ነው። የፋኑ አንዱ ሽቦ ቦዲ ላይ የታሰረ ከሆነ አሠራሩ ቀላል ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ በ4 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ወደ ሪሌው 30 ቁጥር እግር፣ ከ87 ወደ ፋኑ። 86ን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ውሰድ፤ 85ን በስዊቹ በኩል ቦዲ ላይ እሰር።

ፊውዙን ደግሞ ባትሪው አጠገብ አድርገው። ፋኑ ጋ ካስቀመጥከው፣ መሃል ላይ ሽቦው ተልጦ ቦዲ ቢነካ አያድንህም።

ሞተሩ ሲሞቅ ፋኑን በራሱ የሚያስነሳውን አውቶማቲክ መስመር ግን እንዳትቆርጠው። አንድ ቀን አቀበት ላይ ስዊቹን መርሳትህ አይቀርም።