ይድረስ ለኪራይ ቤቴ ግድግዳ

ጉዳዩ፦ ስለ መለጠፍ፣ ስለ መላጥ እና ስለ መውደቅ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ያንተን ፊት ከማየት በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፤ ስለዚህ ትሰማኛለህ ብዬ ነው የምጽፍልህ። ያንተ ጆሮ እንዲያውም በሁለት በኩል ነው። የጎረቤቴን ሳል፣ የጎረቤቴን ማንቂያ ደወል፣ ጎረቤቴ ከእቁብ ሰብሳቢው ጋር የሚጨቃጨቀውን ሁሉ ሳታጎድል ታደርሰኛለህ። አንድ ፎቶ ይዞ ማደር ግን ከበደህ።

እትዬ ቁልፉን ሲያስረክቡኝ ያሉኝን አንተም ሰምተሃል። «ልጄ፣ ቤቱ የራስሽ ነው። ብቻ ሚስማር እንዳትመቺ፣ ቀለም እንዳትቀቢ።» የራሴ ቤት ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።

ቀለሙን እሳቸው ባይከለክሉኝም አልቀባህም ነበር። የሰው ወርቅ አያደምቅ። የባልዲውን፣ የሮለሩን፣ የቀቢውን የቀን ሂሳብ ከፍዬ አሳምርሃለሁ። በወሩ መጨረሻ እትዬ መጥተው በሩ ላይ ቆም ይሉና «ውይ፣ ቤቱ እንዴት አምሯል!» ይላሉ። ይህቺን ምርቃት ተከራይ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። ቀጥላ የምትመጣው «መቼም ኑሮውን እያየሽው ነው» የምትለዋ ናት።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ለተከራይ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ያኔ ማንም ስላንተ አላሰበም። እኔና አንተ ቢያንስ 2 ዓመት ፊት ለፊት ተፋጠን እንድንኖር በሕግ ጸናብን። ዘንድሮ ጋብቻውም እንዲህ አይጸና።

ወደ ክሱ ልግባ።

የምርቃት ፎቶዬን በሁለት በኩል በሚያጣብቀው ፕላስተር አራቱንም ጥግ አስይዤ ለጠፍኩብህ። ስለጥፍ ዝም አልክ። ሌሊት ላይ ከነጋዋኔ መሬት ተገኘሁ። አንስቼ ጀርባውን ሳየው ፕላስተሩ ሥራውን ሠርቷል። ፎቶዬን አልለቀቀም፣ የያዘውንም አልለቀቀም። የለቀቅከው አንተ ነህ! ነጭ ቆዳህ ከፕላስተሩ ጋር ተገሽልጦ ወርዷል። ጠጋ ብዬ በመዳፌ ሳሻሽህ እጄ ነጣ። ለካ እንግዳ ሁሉ ተደግፎህ ሲነሳ ጀርባው የዱቄት ወፍጮ ሠራተኛ የሚመስለው በዚህ ነው። ፕላስተር የሚይዘው ያገኘውን ነው፤ ካንተ ላይ ያገኘው አቧራ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው፣ ሲደርቅ ለጥፊ አሉኝ። ጠረግኩህ። ጨርቁ ነጣ፣ አንተ ግን አላለቅክም።

ከዚያ መርካቶ ወርጄ ጡብ የሚመስለውን ፎም ገዛሁ። ያ 70 በ77 ሴንቲ ሜትር የሆነው፣ የጀርባው ወረቀት ተልጦ የሚለጠፈው። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ሙሉ ሳሎን ታለብሳለች፤ ጥፍሯም አይሰበርም። የእሷ ግድግዳ ግን ቀጥ ያለ ነው። አንተ መሃል ላይ ሆድ አውጥተሃል፣ ጥግህ ላይ ጎብጠሃል። አንዱን ጡብ ከሌላው ሳጋጥም መስመሩ እየተንጋደደ ሄዶ በሩ ጋ ስደርስ ሌላ ሰፈር ገባ። ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ አመልህ ጠና። ውጭ ይዘንባል፣ አንተ ውስጥ ያልብሃል። ፎሙ ከጥግ ከጥጉ እየተቆለመመ፣ ሐምሌ ሳይወጣ ረድፍ ረድፉን ወረደ። (እግረ መንገዴን፦ ይህን ፎም ምድጃ አጠገብ የምትለጥፉ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉ። ፕላስቲክ ነው፣ እሳት ይወዳል።)

ሚስማርን በተመለከተ፣ እኔ ሚስማር አልመታሁም። ግን የመቱ ሰዎች ሲናገሩ ሰምቻለሁ። ሚስማሩ ልስንህን አልፎ ብሎኬት ሲያገኝ አንድም ይታጠፋል፣ አንድም ባዶ ሆድህ ውስጥ ገብቶ ይወላወላል አሉ። ድሪልና ፊሸር (ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ) ካልሆነ አይሆንም አሉ። የተረፈውን ቀዳዳ በነጭ ኮልጌት ደፍኖ በጣት ማለስለስ ይቻላል፣ የሚንት ሽታው ግን ጥቂት ቀን ይቆያል አሉ። ይህን ሁሉ የማውቀው በሰው ሰው ነው።

እናቴ ከአገር ቤት ስትመጣ አየችህና ሳቀች። «የኛ ጭቃ ቤት በስንት ጣዕሙ» አለች። እውነቷን ነው። የጭቃ ግድግዳ ውስጡ እንጨት ነው፤ ሚስማር ሲመታበት ይዞ ይቀራል። ሲላላጥ ደግሞ ዱቄት በውሃ አፍልቶ አዲስ ዘመንን ገጽ በገጽ መለጠፍ ነው። ያ ጋዜጣ ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ስንቱን መንግሥት ዘግቧል፣ ስንት ቤት እንዳለበሰ ግን የቆጠረለት የለም። እናቴ ፊደል ያጠናችው ከግድግዳ ነው። ለጣፊዋ አያቴ ማንበብ ስለማትችል አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ነበር የተለጠፈው። እናቴ እስከ ዛሬ ጋዜጣ ስታነብ አንገቷን ትንሽ ዘንበል ታደርጋለች። እኔ ዛሬ ላልብስህ ብል ጋዜጣውን ከየት አመጣለሁ? ዜናው ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ ስልክ አይለጠፍ።

ሥራ የሚያውቅ ግድግዳ ማየት ከፈለግክ ሐረር ጀጎል ሂድ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ስፌቱንና ሳህኑን ተሸክሞ ይቆማል። አንድም ቀን ደከመኝ አይልም። እናቴ ያመጣችልኝን ሁለት ሰፌድ ግን አንተ ማታ ተቀብለህ ጠዋት አወረድካቸው። ሰፌድ እኮ ነው! ንፋስ የሚያነሳው ነገር!

ስለዚህ ውሳኔዬን ስማ። ካሁን በኋላ አልለምንህም። ከመጋረጃው ብረት እስከ ቁም ሳጥኑ አናት ሲባጎ ወጥሬአለሁ። ሲባጎው ላይ ጥለቱ የደመቀ አሮጌ ነጠላ ዘርግቻለሁ፤ ሽሮ ሜዳ አዲስ መግዛት አላስፈለገኝም፣ የእናቴ ነው። ሰፌዶቹ በክር ተንጠልጥለዋል። የምርቃት ፎቶዬ በልብስ መቆንጠጫ ተይዟል፤ ንፋስ ሲገባ ትንሽ ይወዛወዛል እንጂ አይወድቅም። መስታወቱን መሬት አስቀምጬ አንተን አስደግፌዋለሁ። ይህቺን እንኳ አትችልም አትበለኝ። ቤት ስለቅ ሲባጎውን ፈትቼ፣ ሁሉንም በአንድ ማዳበሪያ ከትቼ እሄዳለሁ። አንተ እንዳገኘሁህ ራቁትህን ትቀራለህ።

እትዬ ባለፈው ሲመጡ ነጠላውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ውይ፣ እንዴት አምሯል!» አሉ። ሳይጨርሱ ቀደምኳቸው። «የእኔ ነው እትዬ፣ ከቤቱ አይደለም።» ዝም አሉ። ዞር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ወደ ኩሽና እያመለከቱ «ውሃው ግን ይመጣል አይደል?» አሉኝ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ተከራይ

ግልባጭ፦
ለጣሪያው (ማንጠባጠብ እንዳይለምድ)
ለጎረቤቴ (በግድግዳው በኩል ስለሰማ በጽሑፍ አልተላከም)
ለእትዬ (ሚስማርን የሚመለከተው አንቀጽ ወጥቶ)