ዶሮዎቼ አይጾሙም

ዴንቨር ከተማ፣ ከቤቴ ጓሮ፣ ስድስት ዶሮዎች አሉኝ። አውራ ዶሮ የለኝም። የከተማው ደንብ በአንድ ግቢ እስከ 8 ዶሮና ዳክዬ ይፈቅዳል፤ አውራ ዶሮ ግን ክልክል ነው። ጮሆ ጎረቤት እንዳይቀሰቅስ። እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። እዚያ የሰፈሩ አውራ ዶሮ ሁሉ እየተቀባበለ ይጮህ ነበር፤ ማንም ከስሶ አያውቅም።

ጫጩቶቹን የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2024 ጸደይ ነው። ባለቤቴ ሳጥኑን ከፍታ አየችና፣ «ሸሽተን የመጣነውን በዶላር ገዝተህ አመጣኸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እንዲያው ጓሮው ባዶ ሆኖብኝ ነው። ቆጡን ለመሥራት 600 ዶላር ገደማ ወጣ። እናቴ ብትሰማ ትታመማለች፤ የእሷ ዶሮዎች ቆጥ ከማድ ቤቱ ጥግ በሁለት እንጨት የተሠራ ነበር።

ቄቦቹ መጣል የጀመሩት መኸር ላይ ነው። መጀመሪያ ትንንሽ፣ ከዚያ ደህና ደህና። ክረምቱን ቀነሱ። የካቲት ላይ ቀኑ ረዘም ሲል ግን ጉድ ፈላ። ዶሮ የምትጥለው በብርሃን ነው፤ ቀን ሲረዝም እሷም ትበረታለች። ከስድስቱ በቀን አምስት እንቁላል መልቀም ጀመርኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳለ ዐቢይ ጾም ገባ።

የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር። 55 ቀን። ቤታችን ውስጥ እንቁላል የሚነካ የለም። ዶሮዎቼ ደግሞ አይጾሙም። በቀን አምስት፣ በ55 ቀን 275። ሃያ ሦስት ደርዘን ገደማ ማለት ነው። ፍሪጁ የምስርና የሽሮ ቦታ አጣ።

የሚገርመው የጊዜው መገጣጠም ነው። ያኔ አሜሪካ በእንቁላል ምክንያት ስትተራመስ ነበር። የወፍ ጉንፋን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከ160 ሚሊዮን በላይ ዶሮና ሌላ አእዋፍ አስፈጅቷል። የእኛዋ ግዛት ኮሎራዶ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በጠባብ ጎጆ ተቆልፈው የሚኖሩ ዶሮዎች እንቁላል እንዳይሸጥ ከልክላለች። በመጋቢት የአንድ ደርዘን አማካይ የችርቻሮ ዋጋ በአገር አቀፍ ደረጃ 6 ዶላር ከ23 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ሱፐርማርኬት መደርደሪያው ባዶ ነው። ካለም «ለአንድ ሰው አንድ ካርቶን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ፈረንጁ እንቁላል ፍለጋ ይዞራል፤ ጿሚው ሐበሻ በእንቁላል ተጥለቅልቆ ቁጭ ብሏል።

እናቴ ብትሆን ችግር አልነበረባትም። በጾም መጀመሪያ የተጣለውን ለዶሮዋ ታሳቅፈዋለች። በ21 ቀን ጫጩት ነው። ወደ ፋሲካው የተጠጋውን ደግሞ ጤፍ ውስጥ ቀብራ ታቆየዋለች፤ ቀዝቀዝ ይላል፣ አይሰበርም። ሕማማት ሲደርስ እንቁላል ፈላጊው በር ያንኳኳል። የእኔዎቹ ግን አውራ ስለሌላቸው ቢታቀፉም አይፈለፈልም። መላው አንድ ነው። ለጎረቤት።

መጀመሪያ በነጻ ሰጠሁ። ለጎረቤት እንቁላል መሸጥ ነውር መስሎኝ። በቀኝ በኩል ላሉት ሰዎች አንድ ደርዘን ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው በጣም ተደሰተ። በማግስቱ ጠዋት በሬ ላይ አምስት ዶላር በፖስታ ታሽጎ አገኘሁ። መለስኩለት። እሱም መለሰልኝ። ሦስተኛ ጊዜ፣ «ካልተቀበልከኝ ሌላ ጊዜ ለመጠየቅ እቸገራለሁ» አለኝ። እኛ ጋ «ብር ልክፈልህ» ማለት ነው የሚያራርቀው። እዚህ ደግሞ አለመክፈል። ይህን ለመረዳት አሥራ ምናምን ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያስረዱኝም ዶሮዎች ናቸው።

እናም መሸጥ ጀመርኩ። በኮሎራዶ ሕግ አንድ ሰው በወር እስከ 250 ደርዘን ለጎረቤት መሸጥ ይችላል። በካርቶኑ ላይ የታሸገበት ቀንና የመጣበት አድራሻ ይጻፋል። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ፣ አስኳሉ እስኪጠና ይብሰል የሚል ማሳሰቢያም አለው። ማታ ማታ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ወረቀት እንጽፋለን። እናቴ የጻፈችው ነገር የለም። «የማን ዶሮ ናት?» ሲባል የእሷ ስም ይጠራል፤ በቃ።

በግራ ያለችው ጎረቤቴ «ታጥቧል?» ስትለኝ ደነገጥኩ። እንቁላል ማጠብ እኛ ቤት ማበላሸት ነው። እናቴ በደረቅ ጨርቅ ጠረግ ታደርገዋለች እንጂ ውሃ አታስነካውም። በኋላ ሳነብ ሁለቱም ልክ ነበሩ። እንቁላል ሲጣል በላዩ ስስ ሽፋን አለው፤ የቅርፊቱን ትንንሽ ቀዳዳዎች ይደፍናል። አሜሪካ ሱፐርማርኬት የሚቀርበው እንቁላል በአብዛኛው ይታጠባል። ሽፋኑ ይሄዳል፤ ስለዚህ የግድ ፍሪጅ ይገባል። አውሮፓ በአብዛኛው አያጥቡም፤ ሱቅ ውስጥም ከፍሪጅ ውጭ ተደርድሮ ታየዋለህ። እናቴ አውሮፓዊ ነበረች ማለት ነው፣ ሳታውቀው።

ዋጋ መቁረጡ ከበደኝ። አምስት ዶላር አልኩ። ጎረቤቴ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ «በጣም ርካሽ ነው፤ ስድስት ይሁን» አለች። ገዢ ዋጋ ሲያስጨምር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማየቴ ነው። እንቢ ብዬ በአምስት ጸናሁ። እንግዲህ የመኖውን ስሌት ላላነሳው ነበር። አንዲት ዶሮ በቀን 115 ግራም አካባቢ ትበላለች፤ ስድስቱ በወር ወደ 21 ኪሎ ይጨርሳሉ። የቆጡን ወጪ ብቻ ለመመለስ 120 ደርዘን መሸጥ አለብኝ። ትርፍ የሚባለው ነገር እንቁላሉ ነው፤ ብሩ አይደለም።

ከዚያ አንዱ ምክር ሰጠኝ። በር ላይ የበረዶ ሳጥን አስቀምጥ፣ እንቁላሉን ክተት፣ ጎኑ ላይ የብር ጣሳ አድርግ፣ በስልክ ብር የሚላክበትን የቬንሞ አድራሻህን ለጥፍ። ሰው ራሱ ወስዶ ይከፍላል። ሳቅሁ። ጣሳውም ይሄዳል ብዬ ነው። ግን አደረግሁት።

ሥራ ውዬ ስመለስ ሳጥኑ ባዶ፣ ጣሳው ሙሉ። አንድም ሳንቲም ሳይጎድል። አንዳንዱ እንዲያውም ጨምሮ ነው የሚሄደው። እስከ ፋሲካ ድረስ እንዲህ ሆነ። ደስ አለኝ፤ መቼም የሚታመን ሰፈር መኖር ትልቅ ነገር ነው። ግን ማን እንደገዛኝ አላውቅም። አንድ ወር ሙሉ እንቁላል ሸጬ ያወራኋቸው ሰዎች ሦስት አይሞሉም።

ልጅ ሆኜ እንቁላል የማዞረው እኔ ነበርኩ። በሰፌድ፣ ጭድ ተነጥፎበት፣ ስምንት ወይ አሥር ፍሬ። «እትዬ፣ እማዬ እንቁላል ልካ ነው» እላለሁ። እትዬ አንዱን ታነሳለች። ጆሮዋ ጋ አድርጋ ነቅነቅ። ከተንቦጫረቀ አይሆንም። ወደ ፀሐይ አውጥታ በጣቷ ከልላ ታየዋለች። አሁንም ካላመነች ውሃ ውስጥ ትከተዋለች፤ ከሰጠመ ደህና ነው፣ ከተንሳፈፈ «ይሄን ለእናትህ መልስላት»። ሃያ ዓመት የተጎራበተችን ሴት ናት! እናቴን ለልጇ ክርስትና እናት ያደረገች። ግን እንቁላሏን አታምንም። ሁሉንም ፈትሻ ስታበቃ ዋጋ ትቀንሳለች። ቀንሳም አትከፍልም። «ለበዓል እንተሳሰባለን በላት።» በመሃል ቁርስ አጉርሳኝ፣ የእናቴን ጤና ጠይቃ፣ የአባቴን ሥራ ጠይቃ፣ ስለ ትምህርቴ ተቆጥታኝ ነው የምትልከኝ። አሥር እንቁላል ለመሸጥ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ሳላጋንን ልናገር፤ እኛ ያንን እንቁላል አንበላም ነበር። ደብተርና ጨው የሚገዛበት ነው። እንቁላል የሚጠበስለት የታመመ ልጅ ነው። እኔ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ያለ በሽታ የምስለው ለዚያ ነው። እናቴም ሳሉን ታውቀዋለች፤ አንዳንዴ እያወቀች ትጠብስልኛለች። እንግዲህ «የተረፈ እንቁላል» የሚለው ቃል በሁለቱ አገር ትርጉሙ አንድ አይደለም። ዴንቨር የሚተርፈው ከጠገበ ሰው ነው። እዚያ የሚተርፈው ልጅ ስላልበላው ነው። ስለዚህ የድሮውን ሰፈር ሳነሳ በናፍቆት ብቻ ባወራ ውሸታም እሆናለሁ።

አሁን እህቴ ደብረ ብርሃን ሃያ ዶሮዎች አሏት። የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ60 እንቁላል እምብዛም አያልፍም፤ የእሷ የተሻሻሉ ዝርያዎች ናቸው፣ ብዙ እጥፍ ይጥላሉ። አንድ ጊዜ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ገብቶ ግማሹን ጨርሶባታል። አንድ እንቁላል ከአሥር ብር ካለፈ ቆየ፤ ግን መኖው ይበላዋል ትላለች። በ2015 ዓ.ም. የመንግሥት የሌማት ትሩፋት ዘመቻ ሲጀመር ጎረቤቶቿም ወደ ዶሮ ገብተው ነበር። የምታስረክበው ለሱቅ ነው። ጎረቤት በር ድረስ መሄድ ቀርቷል። «የሐበሻ ከሆነ አምጪ» የሚሏት አሉ፤ ትንሽ ነው ግን አስኳሉ ቢጫ ነው፣ ይጣፍጣል፣ ይወደዳል። እዚህ ደግሞ ቡናማው ከነጩ ይሻላል ብለው የሚከራከሩ አሉ። የቅርፊቱ ቀለም የዝርያ ጉዳይ ነው እንጂ ምግቡን አይለውጠውም። አንዲት ሴትዮ ግን ተቃራኒውን ጠየቀችኝ፤ ለፋሲካ ቀለም የሚነከር ነጭ እንቁላል። የለኝም ስላት ከልቧ አዘነች።

ያ ዓመት ፋሲካቸውም ፋሲካችንም አንድ ቀን ዋለ፤ ሚያዝያ 12። ስለዚህ በስቅለት ሰሞን ሁለቱም ወገን እኔው በር ላይ ተገናኘ። ፈረንጁ ከሳጥኑ እያነሳ ይሄዳል። ሐበሻው ይደውላል። ለዶሮ ወጥ አሥራ ሁለት ብልት፣ አሥራ ሁለት እንቁላል፤ ደርዘን የሚባለውን መስፈሪያ ለዚህ የፈጠሩት ነው የሚመስለው።

ቅዳሜ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቃቸው አንዲት ትልቅ ሴት መጡ። ሳጥኑን አላዩትም። በሩን አንኳኩ።

«አንተ ልጅ፣ እንቁላል ትሸጣለህ አሉ?»

«አዎ እትዬ፣ ይግቡ።»

ካርቶኑን ከፈቱ። አንዱን አነሱና ጆሯቸው ጋ ነቀነቁ። ባለቤቴ ከማድ ቤት አየችኝ፤ ሳቄን አፈንኩ። ሁለተኛውን ወደ መስኮቱ አዙረው በጣታቸው ከለሉት።

«የመቼ ነው?»

«ተጽፏል እትዬ፣ እዚህ ጋ።»

«ወረቀቱን ተወውና አንተ ንገረኝ።»

ነገርኳቸው። ዋጋ ጠየቁ። አምስት ስል፣ «ለሐበሻም?» አሉ። አራት ተስማማን። ቡና ተፈላ፤ ለጾሙ በሚስማማው ቆሎ ሦስት ስኒ ጠጣን። የልጃቸውን ፍቺ አወሩ፣ የእኔን ልጅ አማርኛ ፈተኑ፣ ባለቤቴን ስለ ወገብ ሕመሟ መከሩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ሲነሱ ቦርሳቸውን ከፍተው ዘጉና፣ «ዝርዝር የለኝም፤ ከበዓል በኋላ እንተሳሰባለን» ብለው ሁለት ደርዘን ይዘው ሄዱ።

እሑድ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። እንኳን አደረሰህ የለ፣ ምን የለ።

«አንዱ ሁለት አስኳል ነበረው» አሉኝ። «በዚህ ሰበብ ዋጋ እጨምራለሁ ብትል አንስማማም።»