ሶኬቱን አትቁረጡት

ባለፈው ክረምት ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን ስመጣ፣ የጣርማበር ዋሻ ሊደርስ ሲል የመኪናዬ የፊት መብራት ድርግም አለ። መሽቷል። ጉሙ ዓይን አያስገልጥም። ከኋላዬ የጭነት መኪኖች ተከታትለው ይወጣሉ። የዚያን ዕለት የጸለይኩትን እኔ ነኝ የማውቀው።

በማግስቱ ሲታይ አምፖሉ ደህና ነው፣ ፊውዙም ደህና ነው። ከወር በፊት አንድ ጋራዥ የመብራቱን ሽቦ የሚያገናኘውን ሶኬት ቆርጦ ሽቦውን ጠምዝዞ በፕላስተር ጠቅልሎት ነበር። ፕላስተሩ ሲፈታ መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል።

ሶኬት ትንሽ ነገር ይመስላል። ከመርከብ ላይ የሚነሱ ተዋጊ አውሮፕላኖችን የሚጠግኑ ሰዎች ግን እንቅልፍ የሚያጡበት ጉዳይ ነው። ኤፍ/ኤ-18 የሚባለው ተዋጊ ከመርከቡ ተወንጭፎ ሲነሳ በ2 ወይም በ3 ሰከንድ ውስጥ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። ሲመለስ በመንጠቆው ገመድ ይዞ 100 ሜትር ገደማ ላይ ቀጥ ይላል። በዚህ ሁሉ መንገጫገጭ ላይ ደግሞ የባሕሩ ጨው አለ።

ስለዚህ ሶኬቱ እንደዋዛ አይሠራም። ሚል-ዲቲኤል-38999 በሚባለው የአሜሪካ ጦር መስፈርት የሚሠራውን ክብ ሶኬት እንይ። ፒኖቹ፣ ማለትም ውስጡ ያሉት ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ እሾሆች፣ በወርቅ የተለበጡ ናቸው። የሽቦው መግቢያ በጎማ ይታሸጋል። ካድሚየም በሚባል ብረት የሚለበጠው ዓይነት 500 ሰዓት በጨው ጭጋግ ውስጥ ይፈተናል። ወደ 21 ቀን ማለት ነው! በጥርስ የሚጠብቀው ዓይነት አንድ ዙር ሲዞር ግጥም ይላል፤ በደንብ ከገጠመ ቀዩ መስመር ይሸፈናል። ቀይ ከታየ ገና አልገጠመም። ይህቺን ነገር በጣም ነው የምወዳት። ሠራተኛው በግምት እንዳይሄድ ታስቦለታል።

ጥንቃቄው ከንቱ አይደለም። ኤፍ-16 የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላን ከመርከብ የሚነሳ አይደለም፤ ግን በቆርቆሮ የተለበጠ ፒን በወርቅ ከተለበጠ ሶኬት ጋር ተጣምሮ፣ በንዝረት እየተፋጨ ተበልቶ፣ የነዳጅ መዝጊያው ማንም ሳያዘው ተዘግቶ የወደቁ አሉ።

እኛ ጋ ባሕር የለም። ጉም ግን አለ። ሞተሩ ያሞቀው ሶኬት ደብረ ሲና አዳር ሲቆም ይቀዘቅዛል። ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና የውጩን እርጥበት ይስባል። ከ3000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ሲወረድም የአየሩ ግፊት ይጨምራል፤ እርጥቡ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል። አውሮፕላኑም ከሰማይ ወደ መርከቡ ሲወርድ የሚገጥመው ይኸው ነው። ይህን የምትከለክለው ያቺ ትንሽ የጎማ ማሸጊያ ናት። ሶኬቱ ሲቆረጥ እሷም አብራ ትጣላለች።

የጋራዡን ልጆች አልወቅስም። ዕቃው እንደልብ አይገኝም፣ ባለመኪናውም «ቶሎ በል» ይላል። ግን የሙያ ኮሌጆቻችን ፒን በትክክለኛው ፒንሳ ማሰርን ከሞተር እኩል ያስተምሩ። ባለመኪናም ከተፈታ መኪና ላይ ሶኬቱን ከነሽቦው አስቆርጦ ይግዛ፤ የጎማ ማሸጊያው መኖሩን በጣቱ ዳብሶ ይረከብ። እኔ የመብራቴን ያስቀየርኩት እንደዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጣርማበርን ሦስት ጊዜ በጉም አልፌዋለሁ።