ኪራዩን ችለናል፤ ያቃተን የመግቢያው ገንዘብ ነው

ባለፈው እሑድ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ጓደኛዬ ቤት የእቁብ ቀን ነበር። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ጸሐፊዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስም እየጠራች ታስፈርማለች። ጨዋታው እንደ ሁልጊዜው ዞሮ ዞሮ ኪራይ ላይ አረፈ። ጓደኛዬ ለባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት በወር 2,350 ዶላር ትከፍላለች። ከሁለት ልጆቿና ከእናቷ ጋር እዚያ ከገባች 9 ዓመቷ ነው። አንድም ቀን ኪራይ አሳድራ አታውቅም።

ስልኬን አወጣሁና ደመርኩ። ኪራዩ በየጊዜው የጨመረ ስለሆነ አማካዩን ዝቅ አድርጌ 2,000 ያዝኩ። በ9 ዓመት 216,000 ዶላር መጣ። «ታዲያ ለምን ቤት አትገዢም?» አልኳት። የመለሰችልኝ ብዙዎቻችን የምንመልሰውን ነው። «ዳውን ፔይመንቱን ከየት አባቴ ላምጣው?»

ይህ ጥያቄ መልስ አለው። እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ለሚገዛ ሰው የመግቢያውን ገንዘብ የሚያግዙ የመንግሥት ፕሮግራሞች አሉ። ዛሬ የተጀመሩም አይደሉም። የዲሲው ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ወሬው የሚደርሰን ዘግይቶ ነው። ሲደርሰንም ተጣሞ ነው። በትክክል የገባን ደግሞ ለመጠየቅ እናፍራለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ቤቱ 400,000 ዶላር ነው እንበል። ኤፍኤችኤ የሚባለው፣ የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ያለው ብድር፣ የክሬዲት ነጥቡ 580 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው የሚጠይቀው ቅድመ ክፍያ (ዳውን ፔይመንት) 3.5 በመቶ ነው። 14,000 ዶላር ማለት ነው። «20 በመቶ ካልያዝክ ቤት አታስብ» የሚለው ወሬ በእኛ ሰፈር አሁንም ይዞራል። ስህተት ነው። ከ20 በመቶ በታች የከፈለ ሰው በየወሩ የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ኢንሹራንስ ይጨመርበታል እንጂ በሩ አይዘጋበትም።

ሰው የሚደነግጠው ሁለተኛው ወጪ ላይ ነው። ክሎዚንግ ኮስት፣ ግዢው ሲዘጋ የሚከፈለው። የአበዳሪው ክፍያ አለ፣ የአፕሬይዛል (የቤቱ ዋጋ ግምት) አለ፣ የታይትል (የባለቤትነት) ፍተሻና ኢንሹራንስ አለ፣ የመዝገብ ታክስ አለ፣ አስቀድሞ የሚከፈል የቤት ኢንሹራንስና የንብረት ግብር አለ። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 በመቶ ይሆናል። 3 በመቶ ብንይዝ 12,000 ዶላር ነው። ከቅድመ ክፍያው ጋር 26,000።

የጓደኛዬ እቁብ 20 ሰው ነው። በየሁለት ሳምንቱ 500 ዶላር ይጣላል፣ ዕጣው 10,000 ነው። ያለፈው ሲወጣላት ግማሹ ለእናቷ ሕክምና፣ ግማሹ ለመኪና ሄደ። የሚቀጥለው ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ 16,000 ይጎድላል። 216,000 ዶላር ኪራይ የከፈለች ሴት የራሷ ቤት እንዳይኖራት ያደረገው ይህ 16,000 ነው። ፕሮግራሞቹ የተሠሩትም ይህችን ጉድለት ለመሙላት ነው።

ስለ ሃፍረቱ አንድ ነገር ልበል። እኛ ዘንድ የሰው እጅ ማየት ከባድ ነው። «እርዳታ» የሚለው ቃል ራሱ ስንዴ ለመቀበል መሰለፍን ያስታውሰናል። ይገባኛል፤ እኔም ያደግኩት በዚያው ቃል ነው። ግን ይህን አስቡት። በዚህ አገር እስከ 750,000 ዶላር ሞርጌጅ ያለበት ሰው የሚከፍለውን ወለድ ከሚታከስበት ገቢው ላይ እንዲቀንስ ሕግ ይፈቅድለታል። ይህን ማንም እርዳታ ብሎ አይጠራውም። መብቱ ነው፣ ይጠቀምበታል፣ አንገቱን አይደፋም። ጓደኛዬም ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ታክስ እየከፈለች ነው። ከዚያው ካዝና ወለድ የሌለው ብድር ብትጠይቅ ምኑ ያሳፍራል?

ትልቁ የዲሲው ነው። ሰው በአጭሩ ኤችፓፕ ይለዋል። የከተማዋ የቤቶችና የማኅበረሰብ ልማት መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድረው ነው። ለቅድመ ክፍያ እስከ 202,000 ዶላር፣ ለክሎዚንግ እስከ 4,000 ዶላር ያበድራል። መጠኑ በገቢና በቤተሰብ ብዛት ይወሰናል። ገቢው ዝቅ ያለ የበለጠ ያገኛል። ወለድ የለውም። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቱን እስኪሸጡ፣ ሪፋይናንስ እስኪያደርጉ (ብድሩን በአዲስ ብድር እስኪተኩ) ወይም ለቀው እስኪወጡ ድረስ አይከፍሉም። መካከለኛ ገቢ ያላቸው ከ5 ዓመት በኋላ መክፈል ይጀምራሉ።

ጥሩ ፕሮግራም ነው። ግን አንድ ከባድ ጉድለት አለበት፤ ገንዘቡ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2022 መገባደጃ ጣሪያው ከ80,000 ወደ 202,000 ዶላር ከፍ ሲል ፈላጊው ጎረፈ። በተከታዩ ዓመት የበጀት ዓመቱ ሳያልቅ ካዝናው ተሟጠጠ። ለቤት ገዢዎች የሚሰጠውን ኮርስ ወስደው፣ ወረቀታቸውን አሟልተው፣ ቤት ሲያዩ የነበሩ ሰዎች መንገድ ላይ ቀሩ። ጣሪያው ከፍ ማለቱን አልቃወምም። በዲሲ ዋጋ 80,000 ዶላር ለአንዲት የሆቴል ጽዳት ሠራተኛ የትም አያደርሳትም ነበር። የምቃወመው ሰው በጭፍን እንዲሰለፍ መደረጉን ነው። ምን ያህል ገንዘብ እንደቀረና ስንት ሰው ከፊት እንዳለ በየወሩ ይነገረን። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም።

ሌላም አለ። የፕሮግራም ገንዘብ ያለበት ግዢ ከተራው ግዢ ይረዝማል። ሻጭ ደግሞ ቶሎ የሚዘጋለትን ይመርጣል። ስለዚህ ወረቀቱ ሁሉ የተሟላለት ገዢ እንኳ ኦፈር ሲያስገባ ወደ ኋላ ይገፋል። ከተማው ማስተካከል ያለበት ይህንንም ነው።

የዲሲ የበጀት ዓመት የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ዕለት ይውላል። ቀኑን ለማስታወስ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም። ያን ቀን ዝግጅት የሚጀምር ሰው ዘግይቷል። ኮርሱ፣ ክሬዲቱ፣ የሁለት ዓመት ታክስ ሪተርኑ በክረምት ያልቅ።

ሜሪላንድ የራሱ የሞርጌጅ ፕሮግራም አለው። ከዋናው ብድር ጎን ለጎን ወለድ የሌለው ሁለተኛ ብድር ይሰጣል። ቤቱ ሲሸጥ ወይም ዋናው ብድር ሲዘጋ ይመለሳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ገንዘብ ሲኖረው እስከ 25,000 ዶላር የሚደርስ የራሱ ድጋፍ አለው። የጓደኛዬን 16,000 ከዚህ አንጻር እዩት። በቨርጂኒያ የስቴቱ የቤቶች ድርጅት ብቁ ለሆነ ገዢ ከቤቱ ዋጋ ከ2 እስከ 2.5 በመቶ የማይመለስ ስጦታ ይሰጣል። በ400,000 ዶላር ቤት እስከ 10,000 ዶላር ነው። በዚህ ላይ በኤፍኤችኤ ብድር ሻጩ እስከ 6 በመቶ ድረስ የገዢውን ክሎዚንግ ኮስት እንዲሸፍን መደራደር ይቻላል። ገበያው ሲቀዘቅዝ ብዙ ሻጭ እሺ ይላል። ወኪላችሁ ካላነሳው እናንተ አንሱት።

አሁን ጥንቃቄውን ልናገር። «ነፃ ገንዘብ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ጠይቁ። ስጦታ ነው ወይስ ብድር? የሚመለሰው መቼ ነው? ከ3 ዓመት በኋላ ወለድ ቢወርድና ሪፋይናንስ ባደርግ ምን ይሆናል? ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣው የዋናው ብድር ወለድ ከሌላው ይበልጣል? ይህን ሳይጠይቁ ፈርመው በኋላ ያዘኑ ሰዎች አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2008 በፊት ሻጮች በበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል የገዢውን ቅድመ ክፍያ የሚከፍሉበት አሠራር ነበር። ገንዘቡ ተመልሶ ቤቱ ዋጋ ላይ ይጫን ነበር፤ ገዢው ቤቱን ከዋጋው በላይ ይገዛው ነበር። ኮንግረስ በ2008 በሕግ አስቀረው። ስለዚህ ገንዘቡን ማን ሰጠ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ተገቢ ነው። የፌዴራሉ የቤቶች ሚኒስቴር ሀድ ፈቃድ የሰጣቸው አማካሪዎች አሉ፣ በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ ያማክራሉ። ኮሚሽን የሚበላ ሰው ከመስማት በፊት እነሱን መስማት ይሻላል።

የመኖሪያ ወረቀት ነገርም አለ። ከሜይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ሰው የኤፍኤችኤ ብድር እንዳያገኝ ተደርጓል። ጥገኝነት ጠይቀው በሥራ ፈቃድ ብቻ ያሉ ወገኖቻችንን በቀጥታ የነካ ለውጥ ነው። ሠርተው፣ ታክስ ከፍለው፣ ክሬዲት ገንብተው በአንድ ደብዳቤ ከወረፋው ወጡ። አዝኛለሁ፣ ስህተት ነው ብዬም አምናለሁ። ሌሎች የብድር ዓይነቶች የየራሳቸው መስፈርት ስላላቸው ግን ተስፋ ቆርጦ ከመተው በፊት መጠየቅ ይገባል።

ኡበርና ታክሲ የምትነዱም አንድ ነገር ልብ በሉ። በታክስ ሰዓት ማይሉን ሁሉ ቀንሳችሁ ገቢያችሁ ወረቀት ላይ ትንሽ ሲሆን ትደሰታላችሁ። ባንኩ የሚያየው ግን ያንኑ ወረቀት ነው። ቤት ከመግዛታችሁ ሁለት ዓመት በፊት ከታክስ ሠሪያችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ወደ እቁቡ ልመለስ። ብዙ ሰው እቁቡ ሲወጣለት 10,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ባንክ ያስገባል። ከወር በኋላ ብድር ሲጠይቅ አበዳሪው የሁለት ወር ስቴትመንት ያያል። «ይህ ከየት መጣ?» ይላል። ሰውየው «እቁብ» ይላል። አበዳሪው አይገባውም። ከዚያ አንዱ «ስጦታ ነው በል፣ ወንድምህ ይፈርምልህ» ብሎ ይመክረዋል። ይህን እባካችሁ አታድርጉ። የስጦታ ደብዳቤ ገንዘቡ የማይመለስ መሆኑን ማረጋገጫ ነው። በሐሰት መፈረም በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው።

መዋሸትም አያስፈልግም ነበር። የኤፍኤችኤ የመመሪያ መጽሐፍ አባላት ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የግል የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ እንደ ሕጋዊ ምንጭ ይቀበላል። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ፋኒ ሜይም የጋራ ቁጠባን ይቀበላል። ስሙን እቁብ አይበሉት እንጂ የሚያወሩት ስለ እኛ ነገር ነው። የሚጠይቁት ማስረጃ ብቻ ነው። ማኅበሩ መኖሩና ስንት ጊዜ እንደቆየ፣ አባሉ በየጊዜው መክፈሉ፣ ገንዘቡን መቀበሉ፣ ገንዘቡ ብድር አለመሆኑ። ይህን ሁሉ ጸሐፊዋ ደብተር ላይ ጽፋዋለች። የጎደለው ደብተሩ ወረቀት ሆኖ አበዳሪው ጠረጴዛ ላይ አለመቀመጡ ነው።

ስለዚህ የእቁብ ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ የምለምነው እናንተን ነው። መዋጮው በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። ዕጣ ሲወጣ ቀኑና መጠኑ የተጻፈበት የተፈረመ ደረሰኝ ስጡ። አንድ አባል ቤት ልገዛ ነው ሲል ደብዳቤ ጻፉለት። ትልቅ ውለታ ነው።

ከተማውንም የምጠይቀው አለ። በዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ በቋንቋው እንዲያስተናግዱት ያዛል። አማርኛ በዚህ ሕግ መሠረት ከሚገለገሉባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚ ስትጠይቁ ውለታ እየጠየቃችሁ አይደለም። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ የሞርጌጅ ወረቀት አታስተርጉሙት። የ12 ዓመት ልጅ የሁለተኛ ብድር ውል ማስረዳት የለበትም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም በአማርኛ በደንብ ቢያስተናግዱ ብዙ ሰው ከስህተት ይድናል።

ይህን ሁሉ እዚያው ቡናው ላይ ተነጋገርነው። ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ ጸሐፊዋ ደብተሯን ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር። የጓደኛዬ ስም ከ2021 ጀምሮ አንድም ዙር ሳይጎድል አለ። ከጎኑ 500፣ ከዚያ ፊርማ። «በሚቀጥለው ዙር ኮፒ አድርጌ አመጣልሻለሁ» አለቻት። ጓደኛዬ ስልኳን አውጥታ የካውንቲውን ቢሮ የሥራ ሰዓት መፈለግ ጀመረች።