መብቱ በጽሑፍ ተመልሷል ወይ?

መጽሐፉ ሊወጣ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት አሳታሚ ስለቀየረ አንድ ደራሲ የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጽሑፉ ደራሲውን ውለታ ቢስ አድርጎ ማቅረቡ ሚዛኑን የጠበቀ አይመስለኝም። ደራሲ ለአሳታሚ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ የማሳተም ፈቃድ እንጂ የቅጂ መብቱን ጠቅልሎ አይደለም፤ ስለሆነም መነሣት የነበረበት ጥያቄ ፈቃዱ በውሉ መሠረት ተቋርጦ መብቱ በጽሑፍ ተመልሶለታል ወይ፣ የተቀበለው ቅድሚያ ክፍያስ ምን ሆነ የሚለው ነው።

ጽሑፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፈው የሥራው ጣጣ ግን ቀላል አይደለም። የገጽ ቅንብሩና የሽፋኑ ንድፍ ብዙ ጊዜ በቀድሞው አሳታሚ እጅ ስለሚቀሩ፣ አዲሱ አሳታሚ በስምምነት ካልተረከባቸው በቀር መጽሐፉ እንደገና መቀናበር፣ የገጽ ቁጥሮቹ ሲለዋወጡም ማውጫው እንደገና መሠራት ይኖርበታል። 13 አኃዝ ያለው የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ ማለትም አይኤስቢኤን፣ አሳታሚውንም የሚያመለክት በመሆኑ አዲሱ እትም የራሱን ቁጥር ማውጣት ግድ ይለዋል። ቅድመ ትዕዛዝ የሚመዘገበው ደግሞ በዚሁ ቁጥር ነው! አሮጌው ሲሰረዝ ትዕዛዙም አብሮ ሊሰረዝ ስለሚችል፣ አስቀድሞ የከፈለ አንባቢ መጽሐፉ የሚወጣበት ቀን እስኪደርስ ሳይጠብቅ ሻጩን ቢጠይቅ ይሻላል።

እኔ ደራሲውን የምወቅሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመጽሐፉን መዘግየት አንባቢው ከሻጮች ሳይሆን ከእሱ መስማት ነበረበት።