ምግባችን ባዶ አይደለም፤ ቡናው ነው የቸኮለው

ባለፈው ሳምንት ደሴ ከተማ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ እየወረድን ነው። ሬዲዮው ስለ ጤና ያወራል። አንዲት እናት ከኮምቦልቻ ደውለው «ድካም ድካም ይለኛል፣ ምን ልብላ?» ብለው ጠየቁ። እንግዳው ባለሙያ የሰጡት መልስ ይኸው፦ «ዛሬ ከምግብ ቫይታሚን እናገኛለን ማለት ዘበት ነው። አፈሩ ደክሟል፣ ምግባችን ባዶ ነው። አዋቂ የሆነ ሁሉ በቀን አንድ መልቲቫይታሚን ይዋጥ። ኢንሹራንስ ማለት ነው። ቢበዛም ችግር የለውም፣ ትርፉ በሽንት ይወጣል።»

አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳን አውጥታ እንግዳው የጠሩትን የኪኒን ስም ጻፈች። ደሜ የፈላው ያኔ ነው።

ከመጨረሻው ልጀምር። «ትርፉ በሽንት ይወጣል።» ይህ ለቫይታሚን ሲ እና ለአብዛኞቹ የቢ ዓይነቶች ይሠራል። በውሃ ይሟሟሉ፣ ትርፋቸው ይወጣል። ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ግን የሚሟሙት በስብ ነው። ትርፋቸው ጉበት ውስጥና ስብ ውስጥ ይቀመጣል። ቫይታሚን ኤ በእርግዝና መጀመሪያ ከልክ ካለፈ ጽንሱን እስከማጉደል ይደርሳል። ብረትማ ጭራሽ መውጫ በር የለውም። ሰውነታችን ብረትን የሚቆጣጠረው መግቢያው ላይ ነው፤ አንዴ ከገባ፣ ደም ካልፈሰሰ በቀር፣ ብዙው እዚያው ይቀራል። የእናቱን የብረት ኪኒን እንደ ከረሜላ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል። ሬዲዮ የሚያዳምጥ ቤት ሁሉ ልጅ አለበት። ይህን ሁሉ «በሽንት ይወጣል» ብሎ ማለፍ ግዴለሽነት ነው፤ ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

«ኢንሹራንስ» የሚለውም ቃል አንገብግቦኛል። ፊንላንድ ውስጥ ከ29 ሺህ በላይ አጫሽ ወንዶች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቤታ ካሮቲን፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው፣ የተሰጣቸው ከካንሰር እንዲጠብቃቸው ነበር። የሳንባ ካንሰር ጭራሽ በ18 በመቶ በለጠባቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይል ጥናቶቹን ሁሉ አገላብጦ፣ መልቲቫይታሚን ጤነኛን ሰው ከልብ ሕመምና ከካንሰር ይጠብቃል ለማለት የሚበቃ ማስረጃ የለም አለ። ቤታ ካሮቲንና ቫይታሚን ኢን ለዚህ ብላችሁ አትውሰዱም አለ። ታዲያ ኢንሹራንሱ የቱ ጋ ነው? የሚከፍል እንጂ የሚካስ አላየሁም።

አሁን ወደ «ባዶው» ምግባችን። እኚህ እንግዳ ሰኞ ገበያ ወጥተው ያውቃሉ? ምስሩን፣ ሽምብራውን፣ ጎመኑን፣ ዱባውን ደርድረው የተቀመጡትን እናቶች አይተዋል? ከመርሳ የሚመጣውን ብርቱካንና ፓፓያ ቀምሰዋል? ከሐይቅ የሚመጣው ዓሣ፣ ባቲ ገበያ ላይ የሚሸጠው የግመል ወተት፣ የቆቦ ማሽላ፣ የደጋው ገብስ፣ ይህ ሁሉ ባዶ ነው? ምስር ብረትና ፎሌት የሚባል ቫይታሚን አለው። ጎመን ካልሲየም አለው፤ ዘይት ጠብ ተደርጎበት ከተሠራ ቤታ ካሮቲኑም ለሰውነት ይደርሳል። ጤፍ በካልሲየም ከስንዴ ይበልጣል።

«የጤፍ ብረት እኮ ብዙው ከአውድማ የመጣ አፈር ነው» የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። ልክ ናቸው። ያ ብረት በደንብ አይመጠጥም። የጤፉ የራሱ ብረትም ቢሆን ፋይቴት በሚባል ነገር ታስሮ ነው የሚመጣው። ግን ያን እስራት የሚፈታው ምን ሆነና? እርሾ ነው! ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይሰባበራል። እህል ሲዘፈዘፍ፣ ብቅል ሲበቅል የሚሆነውም ይኸው ነው። እናቶቻችን ይህን ቃል ሰምተውት አያውቁም፣ ሥራውን ግን ሲሠሩት ኖረዋል። ቸኩለን የምንጋግረው አፍለኛ፣ ከእርሾው የተጣላ እንጀራ ነው ባዶ መባል ያለበት።

አፈራችን ተሸርሽሯል? አዎ፣ የወሎን ተራራ ያየ አይክደውም። አዮዲንን ከደጋ አፈር ጎርፍ አጥቦ ወስዶታል። የእንቅርት ምንጩም ይኸው ነው። መልሱ ግን የግል ጠርሙስ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው አለ። ለሀብታሙም ለደሃውም በወጡ ውስጥ ይገባል። አሁን የቀረው የኛ ሥራ ነው። ጨዉን ክዳን በሌለው ዕቃ ከምድጃ አጠገብ ካስቀመጥነው፣ ፀሐይና እርጥበት ካገኘው፣ አዮዲኑ ይተናል። ክደኑት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። ይህን ለመናገር የሬዲዮው ሰዓት አይበቃም ነበር?

እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚያብሰለስለኝ የቡናው ነገር ነው። ወሎ ውስጥ ስለ ቡና ክፉ መናገር ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ከቡና ጋር ነው ያደግሁት። ከአቦል እስከ በረካ፣ ዕጣኑ፣ ዱአው፣ ምርቃቱ፣ «ጀባ» መባባሉ፣ ይህ ሁሉ የኛ ነው። አይቅር። ሰዓቱ ግን ይለወጥ።

ምሳችንን እንዴት እንደምንበላ አስቡት። እንጀራ በምስር ወጥ እንበላለን። የመጨረሻዋን ጉርሻ ሳንውጥ ጀበናው ደርሷል። ካልሆነ ሻይ ይቀርባል። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ከምስሩና ከጎመኑ ብረት ጋር ሆድ ውስጥ ይጣበቁና ሳይመጠጥ ያሳልፉታል። በ1983 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ለክቶታል። ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና የብረትን መመጠጥ በ39 በመቶ ቀነሰው። ሻይ በ64 በመቶ። ያ ምግብ ሃምበርገር ነበር፤ ሥጋ ውስጥ ደግሞ ብረቱ ራሱን የሚከላከልበት መንገድ አለው። ሥጋ የሌለበት የኛ የሰኞ ምሳ ከዚያ የባሰ እንጂ የተሻለ ዕድል ይገጥመዋል ብዬ አላምንም።

ከዚያ ጥናት የማይረሳኝ ሌላ ነገር ነው። ቡናው ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ ብረቱን አልነካውም። ከምግብ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ጉዳቱ አብሮ እንደተጠጣ ያህል ነበር። «ትንሽ ቆየት ብላችሁ ጠጡ» የሚለው የተለመደ ምክር ለቡና አይበቃም ማለት ነው። ወይ ከምግብ በፊት ይጠጣ፣ ወይ በደንብ ይቆይ። ምሳ በሰባት ሰዓት ከተበላ ቡናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይፈላ። ጎረቤት አይቀርም፣ ወሬ አይቀርም፣ በረካም አይቀርም። ከምሳው ጋር ደግሞ ቡናው በነበረበት ቦታ ሎሚ ይምጣ። ምስሩ ከእሳት ከወረደ በኋላ ሎሚ ጭመቁበት፣ ጥሬ ቃሪያ ንከሱ፣ የዘይቱን ፍሬ ወይ ብርቱካን አስከትሉ። ቫይታሚን ሲ ብረቱን እጁን ይዞ ያስገባዋል። እሳት ግን ይገድለዋልና አታብስሉት። ይኸው ነው «ማመጣጠን» ማለት። ሳንቲም አያስወጣም።

ይህን ያህል የምጮኸው ለምን መሰላችሁ? አክስቴን አይቼ ነው። እዚሁ ደሴ ነው የምትኖረው። አምና ክረምት ላይ ዳገት መውጣት አቃታት። ከንፈሯ ነጣ። አንድ ፋርማሲ ሄደች። ሻጩ ልጅ «እማማ፣ ይቺን በቀን አንድ ይዋጡ፣ እንደ ልጅ ነው የሚያደርግዎት» ብሎ አንድ ጠርሙስ መልቲቫይታሚን ሰጣት። 800 ብር ከፈለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ገዛች። አምስት ወር ሙሉ ዋጠች።

አንድ ቀን ቤቷ ሄጄ ስትውጥ አየኋት። ረከቦቱ ተቀምጧል፣ አቦሉ ተቀድቷል። ኪኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ «ቢስሚላህ» አለችና ወደ አፏ ጣለች። ከዚያ ስኒውን አነሳችና በትኩስ ቡና አወራረደችው። «በውሃ ይሻላል እኮ» አልኳት። «ውሃ ሆዴን ይረብሸኛል፣ ቡና ነው የሚያስማማኝ» አለችኝ። በኪኒኗ ውስጥ የነበረችው ትንሽ ብረት ገና ጉሮሮ ሳታልፍ ጠላቷን አግኝታለች።

በግድ ይዣት ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሄሞግሎቢኗ 7.8 ነበር። ለሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው። ምክንያቱ ግን ምግቧም አልነበረም። ለጉልበቷ የምትውጠው ማስታገሻ ጨጓራዋን አቁስሎት ቀስ እያለ ይደማ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ደሟ እየፈሰሰ በቢጫ ጠርሙስ «ኢንሹራንስ» ገብታ ነበር። ሬዲዮ ላይ የደወሉት የኮምቦልቻዋ እናት ነገር የከነከነኝ ለዚህ ነው። ድካም ስም የለውም። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ የስኳር፣ የእንቅርት፣ የሐዘንም ሊሆን ይችላል። እንግዳው «ይመርመሩ» አላሉም። «ይዋጡ» ነው ያሉት።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው፣ በወሊድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 24 በመቶው ደም እንዳነሳቸው አሳይቷል። ይህን ቁጥር እየጠቀሱ ኪኒን የሚሸጡ አሉ። ቁጥሩ የሚለው ግን ሌላ ነው። ወባ አለ፣ የሆድ ትል አለ፣ ድህነት አለ። ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ያ የቸኮለ ጀበና አለ ብዬ አምናለሁ። ሕፃን ልጅ ሻይ በዳቦ ቁርስ የሚበላበት ከተማ ውስጥ ምግቡን ባዶ ነው ብሎ መስደብ አይገባኝም።

ኪኒን የሚያስፈልገው ሰው የለም አላልኩም። ነፍሰ ጡር ብረትና ፎሊክ አሲድ ከጤና ጣቢያ ትውሰድ፤ እንዲያውም ፎሊክ አሲዱን ከማርገዟ በፊት ብትጀምር ነው የሚሻለው፣ የጽንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ከተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ፣ ብዙዋ ሴት ማርገዟን ሳታውቅ ነውና። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ይውሰዱ፣ ዳፍንት ቀልድ አይደለም። እነዚህ መጠናቸውም፣ ሰዓታቸውም፣ የሚሰጣቸው ሰውም ታውቆ የሚሰጡ ናቸው። ታክሲ ውስጥ ስሙ ተጽፎ ከሚገዛ ጠርሙስ ጋር አንድ ላይ አይቆጠሩም።

አክስቴ ጨጓራዋ ታከመ። ብረቱን ሐኪሙ ባዘዘላት መጠን በሎሚ ውሃ ትውጣለች። ቡናዋ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ አጉረመረሙ፣ አሁን ዘጠኝ ሰዓት ሲል ራሳቸው ይመጣሉ።

ለፕሮግራሙ አዘጋጆች አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድምፅ፣ «ትርፉ በሽንት ይወጣል» የተባለው ስህተት ነው በሉልን። ያቺ ልጅ ስሙን ጽፋ ወርዳለች። ምናልባት ገዝታው ይሆናል።